ለኡኡታው የሚሮጠው ሰው

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ በምትባል ቀበሌ፣ በዝናብ የራሰ ተራራ ተንዶ ጥቂት ቤቶችን ከነሰዎቻቸው ቀብሮ ነበር። ኡኡታው ተሰማ። ጎረቤት አካፋና ዶማውን ይዞ ወጣ፤ መሣሪያ ያጣው በእጁ ጭቃ መጫር ጀመረ። የቀበሌው አስተዳዳሪ፣ መምህራን፣ የጤናና የግብርና ባለሙያዎች ሳይቀሩ ተረባረቡ። እነሱ ቆፍረው ሰው ሲፈልጉ ከበላያቸው ያለው ተዳፋት ዳግመኛ ተናደ። በዚያች ቀበሌ ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ናዳው ቤታቸው ድረስ የመጣባቸው አልነበሩም። ወደ ናዳው በእግራቸው የሮጡ ናቸው።

ሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። ዕርዳታ ተዋጣ፣ እህልና ብርድ ልብስ ተጫነ፣ ስለ ሟቾቹ ደግነትም ብዙ ተነገረ፤ ይገባቸዋልም። አንድ ጥያቄ ግን ከሐዘኑ ጋር አብሮ የተቀበረ ይመስለኛል። ወገኑን ለማዳን እንዲህ ነፍሱን ሳይሳሳ የሚሮጥ ሕዝብ፣ ሲደርስ ምን ማድረግ እንዳለበት ማን ያስተምረው?

ስለ አደጋ ስንነጋገር የተለመዱ ሁለት መልሶች አሉ። አንደኛው፦ «ይህ የባለሙያ ሥራ ነው፤ ሕዝብ ገለል ይበልና ባለሙያው ሥራውን ይሥራ» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ፦ «የእኛ ሕዝብ መረዳዳትን ከእናቱ ጡት ጋር የጠባ ነው፤ ሥልጠና አያስፈልገውም» ይላል። የመጀመሪያውን ከቢሮ፣ ሁለተኛውን ከለቅሶ ቤት እንሰማዋለን። አንዱ ሕዝቡን ሲንቅ ሌላው ያሞግሰዋልና የተቃረኑ ይመስላሉ። መጨረሻቸው ግን አንድ ነው፤ ሁለቱም ጎረቤትን ባዶ እጁን ይተዉታል። እኔ ሁለቱንም እቃወማለሁ። በተለይ ሁለተኛውን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ምክንያቱም ምስጋና መስሎ የሚገድል ነው።

በመጀመሪያው ልጀምር። ባለሙያው ይምጣ ሲባል፣ ከየት ነው የሚመጣው? በስንት ሰዓት? አንድ ሰው ከትልቅ የደም ቧንቧው እየደማ ሊቆይ የሚችለው በደቂቃዎች የሚቆጠር ጊዜ ነው። ትንፋሹና ልቡ የቆመ ሰው አንጎሉ መጎዳት የሚጀምረው ከአራትና ከአምስት ደቂቃ በኋላ ነው። በዓለም ላይ ስመ ጥር የሆነ የአምቡላንስ አገልግሎት እንኳ በእነዚህ ደቂቃዎች ውስጥ ሁልጊዜ አይደርስም። ጎፋ ተራራ ላይ፣ መንገዱ በዝናብ በተቆረጠበት ቀበሌ ደግሞ ስለ ደቂቃ ማውራት ራሱ ያሳፍራል።

ገጠሩን ትተን አዲስ አበባ መሀል እንምጣ። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት መርካቶ ሸማ ተራ በእሳት ሲነድ፣ የእሳት አደጋ መኪና የሌለበት ከተማ ውስጥ አልነበርንም። መኪኖቹ መጥተዋል፤ ሠራተኞቹም ታግለዋል። ነገር ግን የአካባቢው መንገድ ጠባብና ሱቅ በሱቅ ላይ የተደራረበበት በመሆኑ እሳቱን መቆጣጠር እንዳዳገተ የከተማው ባለሥልጣናት ራሳቸው ተናግረዋል። ከመኪናው በፊት እዚያ የነበረው ማን ነው? ነጋዴው፣ ጫኝና አውራጁ፣ ጥበቃው ነው። እሳቱ ገና አንድ ሱቅ ውስጥ ሳለ የሚያየው እሱ ነው። ቆጣሪው የት እንዳለ፣ የትኛው በር ከኋላ እንደሚከፈት፣ ሰው የተኛበት ቆጥ የትኛው እንደሆነ የሚያውቀውም እሱ ብቻ ነው።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በቆሼ የቆሻሻው ክምር ሲናድ ከ110 በላይ ሰው ሞቷል። መጀመሪያ በእጃቸው የቆፈሩት እዚያው ሠፈር የሚኖሩት ናቸው። በሐምሌ መጨረሻ 1998 ዓ.ም. የደቻቱ ወንዝ ድሬዳዋ ላይ በሌሊት ሲያጥለቀልቅም ከ200 በላይ ሰው ጠፍቷል፤ በዚያ ጨለማ በር አንኳኩቶ «ውጡ!» ሊል የሚችል ሰው ጎረቤት ብቻ ነበር። ይህ የድህነታችን ጉዳይ ብቻ እንዳይመስለን። እ.ኤ.አ. ጥር 1995 የጃፓኗን ኮቤ ከተማ የመታው ርዕደ መሬት ከ6,400 በላይ ሰው ሲገድል፣ ከፍርስራሽ ሥር በሕይወት ከወጡት አብዛኞቹን ያወጧቸው ቤተሰቦቻቸውና ጎረቤቶቻቸው ናቸው፤ ያውም በሀብታምና በተደራጀች አገር። አደጋ ከተማን በሙሉ ሲመታ ባለሙያው ለሁሉም አይበቃም። «ሕዝብ ገለል ይበል» የሚለው ሰው እንግዲህ ያለውን ብቸኛ ደራሽ ነው ገለል በል የሚለው።

ወደ ሁለተኛው ልምጣ፤ ደግነት ይበቃል ወደሚለው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአዲስ አበባ ወጣ ባለ አንድ መንገድ ላይ አንድ ሞተረኛ ከጭነት መኪና ጋር ሲጋጭ በቦታው ነበርኩ። ሰው በአንድ ጊዜ ተሰበሰበ፤ ማንም አይቶ አላለፈም። አንዱ የልጁን ራስ ቁር ጎትቶ አወለቀ። ሌላው ውኃ በላስቲክ ጠርሙስ አምጥቶ አፉ ውስጥ ሊያንቆረቁርለት ሞከረ። አንዲት እናት ከሻይ ቤታቸው የተፈጨ ቡና በእፍኛቸው ይዘው እየሮጡ መጥተው፣ ጭኑ ላይ የተከፈተው ቁስል ላይ ነሰነሱት። ቡናው በደሙ ታጥቦ ወረደ። እናቲቱ ተመልሰው ሄደው ሌላ እፍኝ አመጡ። ከዚያ አራት ጎረምሶች ሁለት እጁንና ሁለት እግሩን ይዘው፣ ወገቡ መሀል ላይ እንደ ከረጢት ረግቦ፣ ባጃጅ ውስጥ አስገቡት። ጉልበቶቹ ታጥፈው፣ አንገቱ ወደ አንድ ጎን ተንጋዶ ሄደ።

እኔ ምን አደረግኩ? «ቶሎ በሉ! ቶሎ በሉ!» እያልኩ ጮኽኩ። ዛሬ ሳስበው፣ በዚያ ቦታ ከተደረገው ነገር አንዱም በክፋት አልተደረገም፤ አንዱም ግን ለልጁ አልጠቀመውም። ራስ ቁሩ መጎተት አልነበረበትም። ራሱን ለሳተ ሰው ውኃ ማጠጣት ማነቅ ነው። የሚደማ ጭን የሚፈልገው የቡና ዱቄት ሳይሆን ንጹሕ ጨርቅና ሳይለቅ የሚጫን የሁለት እጅ ክብደት ነው። አንገቱንና ጀርባውን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ሳንቃ ደግሞ ከዚያው ሻይ ቤት በር ላይ ነበር፤ አግዳሚ ወንበሩ። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ከዓመት በኋላ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠና ስወስድ ነው። ትምህርቱ የፈጀው ሁለት ቀን አይሞላም። ልጁ ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። እነዚያ እናት ግን ሁልጊዜ ይታዩኛል፤ እንዲህ ያለ ልብ ይዘው፣ በእፍኛቸው የያዙት ግን ቡና ነበር።

እንግዲህ «ሕዝባችን ደግ ነው፤ ሥልጠና አያሻውም» የሚለኝ ሰው እኚህን እናት እያሞገሰልኝ ነው ወይስ እየበደለብኝ? ደግነት ወደ አደጋው ያደርሳል። ከደረሱ በኋላ የሚሠራው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ዕውቀት ነው። ዕውቀት የሌለው ደግነት አንዳንዴ ተጎጂውን፣ አንዳንዴም እንደ ጎፋው ራሱን ደጉን ሰው ይበላል።

የጎፋው ዓይነት ሞት እኛ ላይ ብቻ የደረሰ አይደለም። እ.ኤ.አ. መስከረም 19 ቀን 1985 ሜክሲኮ ሲቲ በከባድ ርዕደ መሬት ስትመታ፣ መንግሥት ግራ ተጋብቶ ሳለ ተራው ነዋሪ በፍርስራሹ ውስጥ እየተሽሎከሎከ ወደ 800 የሚጠጋ ሰው እንዳወጣ ይነገራል። ሲያወጡ የሞቱት ነዋሪዎች ደግሞ ከ100 ይበልጣሉ። ያ ዜና ሲሰማ የሎስ አንጀለስ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ያደረጉት ነገር ነው የሚያስቀናኝ። የእነሱም ከተማ ርዕደ መሬት የሚጠብቃት ናት። «ሕዝቡ ገለል ይበል» አላሉም፤ «ሕዝቡ ጀግና ነው» ብለውም አላለፉም። ሕዝቡ መሮጡ እንደማይቀር አመኑ፤ ስለዚህ የሚሮጠውን ሰው ማሠልጠን ጀመሩ። ትንሽ እሳት ማጥፋት፣ ደም ማቆም፣ ከብዙ ቁስለኛ መካከል የሚቀድመውን መለየት፣ ፍርስራሽ ውስጥ መቼ እንደሚገባና መቼ እንደማይገባ ማወቅ፤ በጠቅላላው የ20 ሰዓት ያህል ትምህርት። እ.ኤ.አ. በ1993 ሥልጠናው በመላው አሜሪካ ተስፋፋ።

ከዚያ ትምህርት ውስጥ በጣም አስፈላጊው የቱ ነው ብትሉኝ፣ «መቼ እንደማይገባ» የሚለው ነው። የናዳ ትምህርት ቢሰጥ ምን ይባል ነበር? ከመቆፈርህ በፊት ቆመህ ወደ ላይ እይ። ከበላይ መሬቱ ተሰንጥቋል? ዛፉ አዘንብሏል? የምንጩ ውኃ ድንገት ደፈረሰ? ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ጭቃው ላይ አይውጣ፤ ጥቂቱ ይቆፍር፣ ሌላው ከናዳው መስመር ውጭ ሆኖ ተራ ይጠብቅ። አንድ ሰው ዓይኑን ከተዳፋቱ ሳይነቅል፣ ፊሽካ በአፉ ይዞ ይቁም። ፊሽካው ሲነፋ አካፋህን ጥለህ ወደ ጎን ሩጥ፤ ቁልቁል አትሩጥ፣ ናዳው ይቀድምሃል። ይኸው ነው። ይህ ትምህርት ሁሉንም ያድን ነበር ብዬ በሟቾች ስም አልምልም። ተራራው ሁለተኛ ሲናድ ግን ከሥሩ የሚገኘው ሰው ያነሰ ይሆን ነበር። ይህን ለማስተማር ሔሊኮፕተር አያስፈልግም። አንድ አሠልጣኝ፣ አንድ የዛፍ ጥላና አንድ ፊሽካ ይበቃሉ።

«ድሆች ነን፤ ይህ የሀብታም አገር ነገር ነው» ለሚሉኝ ባንግላዴሽን አሳያቸዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1970 ያኔ ምሥራቅ ፓኪስታን ትባል የነበረችውን ያችን አገር የመታው አውሎ ነፋስ በትንሹ 300,000 ሰው ፈጅቷል። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ከጦርነት ገና የወጣች ድሃ አገር ሆና፣ ዛሬ ቀይ ጨረቃ ከሚባለው ማኅበሯ ጋር የበጎ ፈቃደኞች ሠራዊት ማደራጀት ጀመረች። ዛሬ ቁጥራቸው ከ70,000 በላይ ነው፤ ግማሽ ያህሉ ሴቶች ናቸው። ማስጠንቀቂያው ሲመጣ ባንዲራ ይሰቅላሉ፣ በድምፅ ማጉያ እየጮኹ በየመንደሩ ይዞራሉ፣ ሽማግሌና ሕፃን ደግፈው ወደ መጠለያ ይወስዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 ሌላ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ ሲመጣ ከ2,000,000 በላይ ሰው አስቀድሞ ወደ መጠለያ ገባ፤ ባንግላዴሽን ውስጥ የሞቱትም በአሥሮች የሚቆጠሩ ብቻ ናቸው። ትንበያውና የመጠለያው ግንባታም ትልቅ ድርሻ አላቸው። ነገር ግን ትንበያ በር አያንኳኳም። በር የሚያንኳኳው የሠለጠነ ጎረቤት ነው።

ሩቅ አገር መሄድም አያስፈልግም ነበር። እኛ ራሳችን በ1990ዎቹ አጋማሽ የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ስንጀምር፣ «አሥረኛ ክፍል የጨረሰች ልጃገረድ በአንድ ዓመት ሥልጠና ምን ልትሠራ ነው?» ብለው የተጠራጠሩ ነበሩ። ከ30,000 በላይ ሆነው በየቀበሌው ገቡ፤ ክትባትን፣ የእናቶችን ክትትልና መጸዳጃ ቤትን ከጓሮ ድረስ አደረሱ። የመንደር ሰው ከመንደር ሰው ሲማር እንደሚቀበል፣ የተማረውንም እንደሚሠራበት ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይቀርባል?

አንድ ተቃውሞ ግን አለ፤ ይህን ንቄ አላልፈውም። «ሥልጠና ሲባል ጠግበናል» የሚል ነው። እውነት ነው። ሥልጠና ማለት በእኛ ዘንድ የሆቴል አዳራሽ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ባነር፣ የመክፈቻ ንግግር፣ የሻይ ዕረፍት፣ አበል መፈረምና ፎቶ ሆኗል። ከዚያ አዳራሽ የወጣ ሰው ሰርተፍኬቱን ሳሎን ይሰቅላል፤ ፋሻ እንዴት እንደሚታሰር ግን እጁ አያውቅም። ከዚህ የባሰ ሌላ ጥርጣሬም አለ። ሕዝባችን «አደረጃጀት» የሚባለውን ነገር ብዙ ጊዜ አይቶታል፤ ለልማት ተብሎ ተጀምሮ ማን ምን አለ ወደ ማለት ሲሄድ አይቷል። «በጎ ፈቃደኛ» ተብሎ ፈቃዱ ሳይጠየቅ የተመዘገበም አለ። ይህን ቁስል ያላየ ሥልጠና ከመነሻው የሞተ ነው።

ለዚህ ነው ሥልጠናው የማንም ቢሮ ሳይሆን የእድር ይሁን የምለው።

እድር ምን እንዳለው አስቡ። የእያንዳንዱ ቤት ስም የሰፈረበት መዝገብ አለው። ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ መርጦ የሾማቸው አባሉ ራሱ ነው። ድንኳን፣ ወንበርና ድስት አለው። በየወሩ የሚሰበሰብ መዋጮ አለው። ያልመጣን አባል የሚቀጣ ሕግ አለው። ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ሠፈሩን የሚቀሰቅስ ጡሩምባ ነፊ አለው። ከሁሉም በላይ ማን አልጋ ላይ እንደዋለ፣ ማን ነፍሰ ጡር እንደሆነች፣ የትኛው አዛውንት ብቻቸውን እንደሚኖሩ ያውቃል። ሌላው ዓለም የአደጋ ጊዜ ዝግጅት ብሎ በስንት ገንዘብ የሚገነባው ነገር ይኸው ነው፤ የማስጠንቀቂያ ድምፅ፣ የነዋሪ ዝርዝር፣ መጋዘን፣ አዛዥ፣ ታዛዥ። እኛ ሁሉም አለን፤ ሁሉንም ያዘጋጀነው ግን ለቀብር ነው። ሰው እስኪሞት እየጠበቅን በሚያስደንቅ ፍጥነት እንደርስለታለን።

«እድር ለቀብር የተቋቋመ ነው፤ ደንቡ አይፈቅድም» የሚሉ ሽማግሌዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ አከብራቸዋለሁም። ግን እድር ከዘመኑ ጋር ሲለወጥ አይተነዋል። ኤችአይቪ ሠፈሩን ባረገፈበት ዘመን፣ ቀብር በዝቶ ሣጥኑ ባዶ ሊሆን ሲደርስ፣ ብዙ እድሮች ቆም ብለው አሰቡ። የታመመን ማስታመም፣ ወላጅ የሞቱባቸውን ልጆች መርዳት ጀመሩ። ያኔ ደንባቸውን ያሻሻሉት ከመንግሥት ትእዛዝ መጥቶላቸው ብቻ አይደለም፤ ሟች ሲቀብሩ መኖር ስለሰለቻቸው ነው። የዛሬውም ጥያቄ ከዚያ የተለየ አይደለም።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህ ነው። እያንዳንዱ እድር ከአባላቱ አሥር ሰው ይምረጥ። ግማሾቹ ሴቶች ይሁኑ፤ ቀን ቀን ሠፈር ውስጥ የሚገኙት በአብዛኛው እነሱ ናቸውና። ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርና የየከተማው የእሳት አደጋ ሠራተኞች አሠልጣኝ ይላኩ፤ ድንኳኑን እድሩ ይትከል። አበል አይኑር፤ ቡናና ዳቦ ይበቃል። ወረቀት ከማንበብ ይልቅ እጅ ይሥራ። የድስት እሳት በውኃ ሳይሆን በክዳንና በረጠበ ጨርቅ ሲጠፋ ይታይ። ሲሊንደር እንዴት እንደሚዘጋ፣ የቆጣሪ ማብሪያ ማጥፊያ የት እንዳለ እያንዳንዱ ሰው በጣቱ ይንካው። አንዱ መሬት ላይ ይተኛና አራቱ አንገቱን ሳያጣምሙ በአግዳሚ ወንበር ያንሡት፤ ካጣመሙም ይድገሙት። ከድንኳኑ አጠገብ አንድ ሣጥን ይቀመጥ፤ ጓንት፣ ፋሻ፣ ገመድ፣ ባትሪ፣ ፊሽካ፣ መጥረቢያ። ለአዲስ አበባ ሰው የእሳት አደጋው 939 እና የቀይ መስቀል አምቡላንሱ 907 ክዳኑ ላይ ይጻፍ። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ጠቅላላ ጉባኤው በሚሰበሰብበት ቀን፣ ልምምዱ ይደገም፤ የቀረ ይቀጣ።

ከመንግሥት የሚፈለገው ደግሞ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው አሠልጣኝ መስጠትና እጁን መሰብሰብ ነው፤ የሠልጣኞቹን ዝርዝር ለሌላ ሥራ አለመፈለግ። ሁለተኛው ተጎጂን ያነሣ ሰው እንደ ጥፋተኛ እንዳይታይ ማድረግ ነው። «ወድቆ ያገኘሁትን ሰው ሐኪም ቤት ባደርስ እኔው እጠየቃለሁ» የሚል ፍርሃት በየመንገዱ አለ። በቅን ልቦና፣ በተማረው ልክ የረዳ ሰው እንደማይጠየቅ ሕጉም ፖሊሱም በግልጽ ይናገሩ።

በ2017 ዓ.ም. ከአፋር እስከ አዲስ አበባ ምድር ስትንቀጠቀጥ በአዋሽ ፈንታሌ ዙሪያ አሥር ሺዎች ቤታቸውን ጥለው ወጡ። የፎቅ ነዋሪዎችም በሌሊት ደረጃ ላይ ተጋፉ፤ አንዱ ሊፍት ይጠራል፣ አንዱ ልጁን አቅፎ ከፎቁ ሥር ግድግዳውን ተጠግቶ ይቆማል። የስምጥ ሸለቆ ልጆች ነን፤ መሬቱ እንደገና ይንቀጠቀጣል። ክረምትም ይመጣል፤ ተራራም ይርሳል። ያን ጊዜ ሕዝባችን እንደሚሮጥ ጥርጥር የለኝም። ይህን ልብ ማንም አላስተማረውም፤ ማንም ሊያስቆመውም አይገባም።

የሠፈርዎ እድር የሚቀጥለው ስብሰባ እሑድ ከሆነ፣ መዋጮው ተከፍሎ «ሌላ ሐሳብ ያለው?» ሲባል እጅዎን ያውጡና አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ «ዛሬ ማታ እዚህ ሠፈር ኡኡታ ቢሰማ፣ ከመካከላችን ደም ማቆም የሚችል ማን ነው?» ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ዝምታ ጸሐፊው በቃለ ጉባኤ ይያዙት። የሥልጠናው የመጀመሪያ ቀን የሚቆረጠው ከዚያ ዝምታ ነው።